ሲንቴቲኩ ቢወደድስ?

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከርቀቱ ይልቅ ዳገቱ ይከብዳል። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል 1,850 ሜትር አካባቢ ከፍ ብላ የተቆረቆረች ስትሆን ደሴ ደግሞ የጦሳን ተራራ ተደግፋ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች። ሰው ጠቅጥቆ የተነሳ ሚኒባስ የዶሮ መዝለያን ጠመዝማዛ አልፎ ደሴ እስኪገባ ከ600 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። በወጣ ቁጥር አየሩ ይሳሳል። ደሴ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው ሩብ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር የዚያኑ ያህል ጉልበት ያጣል። ሹፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ነዳጅ ይረግጣል፣ ሞተሩም ይጮኻል። በዚያ ጩኸት መሐል ኮሎና ቢየላው እርስ በርስ እንዳይበላሉ የሚገላግላቸው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ሽፋን ነው።

የዛሬው ትዝብቴ ስለዚያ ዘይት ነው።

በሁለቱም ከተሞች መለዋወጫ ቤት ደጃፍ ላይ ጥቂት የቆመ ሰው ተመሳሳይ ንግግር ይሰማል። «ሲንቴቲኩ ስንት ገባ?» ይላል ገዢው። ሻጩ ይነግረዋል። ገዢው ጀሪካኑን ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ መልሶ መደርደሪያው ላይ ያስቀምጣል። «ሌላስ?» ይላል ቀጥሎ። ዋጋውን እዚህ አልጽፈውም፤ ጽሑፉ እጃችሁ እስኪደርስ ይለወጣልና። ምክንያቱ ግን የታወቀ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር፣ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ፤ ከዚያ ወዲህም ሽቅብ መውጣቱን አልተወም። ነዳጅ የሚያጣራ ፋብሪካም ስለሌለን ዘይቱ የሚገዛው በዶላር ነው። የአሰቡ ማጣሪያ ሥራ ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር። ከአሰብ ተነስተው በባቲ በኩል ወደ ኮምቦልቻ ይወጡ የነበሩትን ቦቴዎች የነዱ ሰዎች ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው።

በዚህ ላይ ጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። የኤሌክትሪኩን መኪና መግዛት ያልቻለ ሰው በእጁ ያለችውን ቪትስ ወይም ኮሮላ እያስታመመ ማቆየት ግድ ሆነበት። አንድ ጊዜ ሞተር ማውረድ ምን ያህል እንደሚያስወጣ ያየ ሰው የዘይትን ነገር እንደ ቀላል አያየውም። ለብዙ ቤተሰብ መኪናው ከቤቱ ቀጥሎ ያለ ትልቁ ንብረት ነው። ለባጃጅ ነጂው ደግሞ ቤቱም እሱው ነው።

«ሌላስ?» ላለው ሰው ገበያው መልስ አያጣም። አንዱ፣ ሳይቀይሩ እየጨመሩ መሄድ ነው፤ ዘይቱ ሲጎድል ግማሽ ሊትር ጠብ ማድረግ፣ ጠቁሮ እንደ ሬንጅ እስኪወፍር ድረስ። ሌላው ከበርሜል በሊትር እየተቀዳ የሚሸጠው ዘይት ነው። ስም የለውም፣ ደረጃ የለውም፣ ከየት እንደመጣ የሚናገር ወረቀት የለውም፤ ያለው ርካሽነት ብቻ ነው። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉ የባሰው፣ ታዋቂ ስም የተለጠፈበት፣ ዋጋው ግን ከእውነተኛው በጣም የሚያንስ ጀሪካን ነው። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

አራተኛ መልስ እንዳለ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ትክክለኛው ቁጥርና ትክክለኛው ደረጃ ያለው፣ ሲንቴቲክ ያልሆነ፣ እውነተኛ ዘይት በጊዜው መቀየር። ለአብዛኞቹ የደሴና የኮምቦልቻ መኪኖች ይኸኛው መልስ በቂ ነው ብዬ አምናለሁ። ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ባለ አንድ ላቫጆና ግራሳጆ ጡረታቸው የተቃረበ መምህር ቪትሳቸውን ይዘው መጡ። ልጁ፣ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፣ የሞተሩን ክዳን አነሳና የዘይት መሙያውን ቡሽ በጨርቅ ጠረገው።

«ጋሼ፣ ይቺ 0/20 ነው የምትለው» አለ ቡሹ ላይ የታተመውን እያሳየ።

«ስንት ነው እሱ?»

ነገራቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። «በዚህ ዋጋ ዘይት ቀይሬ እስከ ደመወዝ ምን ልበላ ነው? 20/50 አድርግልኝ። ጓደኛዬ ሁልጊዜ እሱን ነው የሚያደርገው።»

«የጓደኛዎ መኪና ምንድን ናት?»

«ዲኤክስ።»

«እሷ ሌላ፣ ይቺ ሌላ ናት። አብሽሩ ጋሼ፣ ወላሂ ለማትረፍ ብዬ አይደለም። 5/30 እናድርግላት። እሱም አለ፣ ዋጋውም ይሻላል።»

ከዚያ ከሥር ገብቶ ቡሎኑን ፈታ። ዘይቱ ጥቁር ሆኖ እንደ ውሃ ወረደ። ልጁ በሁለት ጣቱ መሐል አሸት አሸት አደረገውና ከካርቶን ላይ አንድ ጠብታ አንጠባጠበ። ጠብታው ቀስ እያለ ተዘረጋ፤ መሐሉ ላይ ጥቁር ክብ ቀረ፣ ዙሪያውን ነጣ ያለ ቢጫ ቀለበት ሠራ። «መሐሉ ላይ ተሰብስቦ የቀረው ቆሻሻው ነው» አለ። «ዘይቱ ቆሻሻውን ተሸክሞ መዞር ሲያቅተው እንዲህ ያደርጋል። ቆይቷል ጋሼ።» መምህሩ ካርቶኑን አንስተው እንደ ተማሪ ፈተና ወረቀት ትኩር ብለው አዩት።

ልጁን የወደድኩት ውዱን ስላልሸጠ አይደለም። ርካሹንም «እሺ» ብሎ ስላልሞላላቸው ነው። ያለውም ትክክል ነው። ቶዮታ 0/20 ያዘዘባቸው የብዙዎቹ መኪኖቹ መመሪያ፣ 0/20 ካልተገኘ 5/30 መጠቀም እንደሚቻልና በሚቀጥለው ቅያሪ ወደ 0/20 መመለስ እንደሚገባ ይናገራል። ስለዚህ ልጁ ያቀረበው አማራጭ ከጋራዥ ወሬ የተለቀመ ሳይሆን መኪናውን የሠራው ኩባንያ ራሱ በሩን ክፍት ያደረገለት ነው።

ቁጥሮቹን ብዙ ሰው በተለምዶ ይጠራቸዋል እንጂ ምን እንደሚሉ አይጠይቅም። 5/30 የምንለው ጀሪካኑ ላይ በመሐሉ ደብሊው የምትባለዋ ፊደል አለችበት። የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚሆን ይናገራል። ባለ 5 የሆነው ዘይት ሞተር ለማስነሳት አለመወፈሩ የሚፈተነው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ ነው። ባለ 15 ከዜሮ በታች 20፣ ባለ 20 ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ላይ ይፈተናሉ። ደሴ ብርዳም ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ቧንቧ ውሃ ላይ ጋቢ ሳይደርብ የሚወጣ ደፋር ነው። ቢሆንም ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚባል ነገር ወሎ ውስጥ ታይቶ አይታወቅም። የሲንቴቲክ ዘይት አንዱ ትልቅ ብልጫ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ በሩሲያና በካናዳ ክረምት ሳይረጋ መፍሰሱ። ለዚያ ብርድ የሚከፈለውን ዋጋ ደሴ ላይ ሆኖ መክፈል ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሁለተኛው ቁጥር ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዘይቱ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ያሳያል። 30 ቀጠን ይላል፣ 40 መካከለኛ ነው፣ 50 ይወፍራል። የድሮዎቹ ሞተሮች፣ ማለትም ዲኤክሱ፣ ላዳው፣ የቀድሞው ናፍጣ ሃያስና አይሱዙው፣ በብረቶቻቸው መሐል ያለው ክፍተት ሰፋ ያለ ስለሆነ 15/40 ወይም 20/50 ይስማማቸዋል። ለሞቃታማ አገሮች የተጻፉ የብዙ አሮጌ ቶዮታዎች መመሪያዎችም እነዚህን ቁጥሮች በሙቀት ሠንጠረዥ አስፍረዋቸዋል። እነዚህ ቁጥሮች በኖርማል ዘይት በቀላሉ የሚገኙ፣ ከሲንቴቲኩ በጣም የሚረክሱ ናቸው። ስለዚህ የዲኤክሱ ባለቤት ሲንቴቲክ መግዛት ባለመቻሉ የሚቆጨው ነገር የለም።

ቪትስዋና መሰሎቿ ግን እንደዚያ አይደሉም። ክፍተታቸው ጠባብ ነው፤ ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ እንደ ፍጥነቱ የሚያስተካክለው መሣሪያቸውም የሚሠራው በዘይቱ ግፊት ነው። ወፍራም ዘይት ሲገባባቸው ማለዳ ላይ ጫፍ እስኪደርስ ይዘገያል፤ ሞተር ከሁሉ በላይ የሚበላው ደግሞ በተነሳባቸው በእነዚያ የመጀመሪያ ሰከንዶች ነው። «ወፍራም ዘይት ሞተር ይጠብቃል» የሚለው የሹፌሮች እምነት ለአሮጌው እውነት ነበር፤ ለአዲሱ አልሆነም። ለቪትስ ቁጠባው፣ መመሪያው እስከፈቀደ ድረስ፣ ከ0/20 ወደ 5/30፣ ሞተሩ ከቆየም ወደ 10/30 መውረድ ነው እንጂ ወደ 20/50 መዝለል አይደለም።

ከቁጥሩ ይልቅ የምትረሳው ግን ትንሿ ባለ ሁለት ፊደል ናት። ጀሪካኑ ጀርባ ላይ፣ አንዳንዴም ክብ ምልክት ውስጥ፣ «ኤፒአይ» ከሚለው ጽሑፍ አጠገብ ትገኛለች። ኤፒአይ የአሜሪካው የነዳጅ ኢንስቲትዩት ነው። ለቤንዚን ሞተር በኤስ ይጀምራል፤ ከኤስ ቀጥሎ ያለው ፊደል በፊደል ተራ በራቀ መጠን ደረጃው አዲስ ነው። ኤስኤል እ.ኤ.አ. በ2001፣ ኤስኤም በ2004፣ ኤስኤን በ2010፣ ኤስፒ በ2020 ወጥተዋል። ለናፍጣ በሲ ይጀምራል፤ ሲአይ-4 የ2002፣ ሲኬ-4 የ2016 ናቸው። አሁን ወደ መደርደሪያው ሂዱና ርካሹን ጀሪካን አንስታችሁ አገላብጡት። ኤስኤፍ የሚል ካገኛችሁ፣ ይህ ዘይት እ.ኤ.አ. ከ1988 በኋላ ለተሠሩ አብዛኞቹ የቤንዚን ሞተሮች እንደማይሆን ኤፒአይ ራሱ አስታውቋል። ኤስሲ የሚል ከሆነ ደግሞ ገደቡ 1967 ነው፤ ያ ዘይት የሚገባው ሙዚየም ውስጥ ላለ መኪና ነው። ፊደሉ ጨርሶ ከሌለ ዘይቱ ለማን እንደተሠራ አምራቹም አልነገራችሁም ማለት ነው።

ስለዚህ ኤስኤን የሆነ ኖርማል ዘይት ደረጃው ካልተጻፈበት «ሲንቴቲክ» ይበልጣል። የፊት ለፊቱ ትልቅ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ለማያውቁሽ ታጠኚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሞቢል ካስትሮልን አሜሪካ ውስጥ የንግዱ ዘርፍ ራሱ ባቋቋመው የማስታወቂያ ተቆጣጣሪ አካል ፊት አቁሞት ነበር፤ ከድፍድፍ ነዳጅ በተለየ መንገድ ተጣርቶ የወጣውን ዘይት ሲንቴቲክ ብለህ ሸጥክ በሚል። የረታው ካስትሮል ነው። ከዚያ ወዲህ ሲንቴቲክ ተብለው ከሚሸጡት ውስጥ ብዙዎቹ መነሻቸው ያው ድፍድፍ ነው። መጥፎ ናቸው ማለቴ አይደለም፣ በጣም ጥሩዎች አሉባቸው። ነገር ግን ጥሩነታቸውን የሚያሳየው ደረጃቸው ነው እንጂ የፊት ገጻቸው አይደለም።

ሲንቴቲክ የግድ የሚሆንበት መኪና የለም አልልም። ቱርቦ ያለው አዲስ ሞተር፣ ጭሱን የሚያጣራ ማጣሪያ ከጭስ ማውጫው ጋር የተገጠመለት ናፍጣ፣ ዋስትናው ያላለቀ መኪና፣ እነዚህ መመሪያቸው ያዘዘውን ማግኘት አለባቸው። በተለይ ባለ ማጣሪያው ናፍጣ አመዱ ያነሰ ልዩ ዘይት ይፈልጋል፤ በኖርማሉ ሲሄድ ማጣሪያው ይደፈናል። ያንን መኪና የገዛ ሰው ከዘይቱ ላይ ልቆጥብ ቢል ኪሳራው ከቁጠባው ይበልጥበታል።

«ሲንቴቲኩ ሁለት እጥፍ ይቆያል፣ ስለዚህ ያው ነው» የሚሉ ሻጮች አሉ። ሒሳቡ በወረቀት ላይ ያምራል። ሲንቴቲኩ የኖርማሉን ሁለት እጥፍ ተኩል ያወጣል ብንል፣ ኖርማሉ በ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ሲንቴቲኩ በ10,000 ቢቀየር፣ የፊልትሮና የእጅ ዋጋ ሲጨመርበት ልዩነቱ ይጠባል። የመኪናው መመሪያ ውስጥ ግን «ከባድ አገልግሎት» የሚል ርዕስ አለ። በአቧራማ መንገድ የሚሄድ፣ ብዙ ጭነት የሚጭን፣ ቆሞ ረጅም ሰዓት የሚሠራ፣ ታክሲ የሆነ መኪና ዘይቱን በግማሹ ጊዜ እንዲቀይር ያዛል። ይህ ዝርዝር ደሴን አይቶ የተጻፈ ይመስላል። ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚወጣውን ፒስታ፣ ፒያሳ ላይ ሞተር ሳይጠፋ ተሳፋሪ የሚጠበቅበትን ሰዓት፣ ጣሪያው ላይ ከረጢት የተከመረበትን ቅጥቅጥ አስቡ። አቧራና ጥላሸት ዘይቱ ሲንቴቲክ ነው ብለው አይመለሱም። እኛ ዘንድ 10,000 ኪሎ ሜትር የሚለው ተስፋ ስለማይሠራ፣ ደረጃው የተሟላውን ኖርማል ዘይት በ4,000 እና በ5,000 መሐል መቀየር ለአብዛኛው ሰው የተሻለው ቁጠባ ነው።

ፊልትሮውን አብሮ መቀየር የግድ ነው። አዲስ ዘይት በአሮጌ ፊልትሮ ማሳለፍ፣ ገላን ታጥቦ የቆሸሸውን ልብስ መልሶ መልበስ ነው።

ባጃጁን ለይቼ ማየት እፈልጋለሁ፤ በሁለቱም ከተሞች ከሚንቀሳቀሰው ሕዝብ ብዙውን የሚያመላልሰው እሱ ነውና። የባጃጅ ሞተር የሚፈልገው ዘይት ጥቂት ነው፣ ሥራው ግን ብዙ ነው። ያው አንዱ ዘይት ሞተሩን ያለሰልሳል፣ ካምቢዮውን ያለሰልሳል፣ ፍሪሲዮኑም የሚሽከረከረው እሱው ውስጥ ተነክሮ ነው። ለመኪና የተሠሩ ቀጫጭን ዘይቶች፣ በተለይ ነዳጅ ይቆጥባሉ ተብለው የሚሸጡት፣ ሰበቃ የሚቀንስ ቅመም አለባቸው። ለመኪና ጥሩ ነው። በዘይት ተነክሮ የሚሠራ ፍሪሲዮን ግን የሚይዘው በሰበቃ ነው፤ ቅመሙ ሲገባበት ይንሸራተታል። ባጃጁ ዳገት ላይ ይጮኻል እንጂ አይወጣም። ነጂውም ፍሪሲዮኑ ያለቀ መስሎት ያስቀይራል፤ ጥፋቱ ግን የዘይቱ ነው። ስለዚህ ለባጃጅ ውድ የመኪና ሲንቴቲክ መሙላት ቅንጦት ብቻ ሳይሆን ጉዳትም ነው። ለእሱ የሚሆነው ጀሪካኑ ላይ ጃሶ ኤምኤ የሚል የተጻፈበት፣ ብዙ ጊዜም 20/50 የሆነው ኖርማል የሞተር ሳይክል ዘይት ነው። ዋጋው ከመኪናው ሲንቴቲክ በብዙ ያንሳል። እዚህ ላይ ርካሹና ትክክለኛው አንድ ሆነው ተገኝተዋል፤ እንዲህ ያለ ዕድል ከስንት አንዴ ነው የሚገኘው።

የከባድ መኪና ሹፌሮች ከእኛ ይልቅ ነገሩን ያውቁታል። ከኮምቦልቻ ተነስቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርድ ሲኖትራክ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ከደጋማው ነፋስ 40 ዲግሪ ወደሚያልፈው የአፋር ሙቀት ይገባል። ሞተሩ የሚወስደው ዘይት ከ20 ሊትር በላይ ስለሆነ የደረጃ ስሕተት ዋጋው ብዙ ነው። አብዛኞቹ ሲአይ-4 የሆነ 15/40 ይሞላሉ፤ በሰዓቱ ይቀይራሉ፤ ስለ ሲንቴቲክ ሲነሳ ይስቃሉ።

አሁን ወደ ተውኩት ሐሰተኛ ጀሪካን ልመለስ። እስካሁን የጻፍኩት ሁሉ የሚሠራው ጀሪካኑ ላይ የተጻፈው ጀሪካኑ ውስጥ ካለው ጋር አንድ ሲሆን ነው። በደሴም በኮምቦልቻም የማነጋግራቸው መካኒኮች ከዋጋ ይልቅ የሚያማርሩት በዚህ ነው። አንድ የሚኒባስ ሹፌር ያጫወተኝን እነሆ። ሁልጊዜ የሚገዛው ስም ያለው ዘይት ከሌላ ሱቅ ቀነስ ባለ ዋጋ ተገኘለት፤ ገዛ፣ ሞላ። ብዙም ሳይቆይ የዘይት መብራቷ ዳገት ላይ ብልጭ ትል ጀመር። መካኒኩ ሲከፍተው ዘይቱ በአዲስነቱ ከሚጠበቀው በላይ ጠቁሮ ቀጥኖ ነበር። ወደ ሱቁ ሲመለስ «ከእኔ መግዛትህን በምን አውቃለሁ?» ተባለ። ደረሰኝ አልነበረውም። ሞተሩ ወረደ።

ደረሰኝ አለመቀበል የእኛ የገዢዎች ጥፋት ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ለሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ ጥራትና ዓይነት ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ይሰጠዋል፤ ጉዳት ከደረሰበትም ካሣ የመጠየቅ መብት አለው። ይህ መብት የሚሠራው ግን ዘይቱ ምን እንደነበር የሚያረጋግጥ አካል ሲኖር ነው። ሹፌሩ የቀረውን ዘይት በጠርሙስ ይዞ ማንን «መርምሩልኝ» ይበል? የካርቶኑ ጠብታ ያገለገለ ዘይት መቆሸሹን ያሳያል እንጂ አዲሱ ኤስኤን ይሁን ኤስኤፍ አይለይም። በጣት ማሸትም፣ ማሽተትም፣ ቀለሙን በፀሐይ ማየትም እንዲሁ። የማይታመን ነገር የሚያምኑ መካኒኮች ስላሉ ነው ይህን የምለው።

የምርመራው መሠረታዊ ክፍል ግን የሩቅ አገር ጥበብ አይደለም። የዘይት ውፍረት በ40 እና በ100 ዲግሪ ሙቀት መለካት፣ ዘይቱ በስንት ዲግሪ እሳት እንደሚይዝ ማየት፣ ውሃ እንዳለበት መፈተሽ፣ ይህን ለማድረግ ቀላል መሣሪያና የሠለጠነ ሰው ይበቃል። ኮምቦልቻ ላይ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለ፤ መካኒካል ምሕንድስና ያስተምራል። ደሴ ላይ ወይዘሮ ስሂን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ። ዩኒቨርሲቲው በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ዘረፋና ውድመት እንደደረሰበት አውቃለሁ፤ ብዙ ጋራዦችም በዚያው ወራት ቁልፍ እንኳ ሳይቀርላቸው ነው እንደገና የጀመሩት። ቢሆንም የ100 ዲግሪው ውፍረት ብቻውን እንኳ ብዙ ያጋልጣል። 40 የተባለ ዘይት በዚያ ሙቀት በሴንቲስቶክስ መለኪያ ከ12.5 በታች ከሆነ 40 አይደለም፤ ክርክር የለውም። የምሕንድስና ተማሪዎች በየመንፈቁ ከሁለቱ ከተሞች ሱቆች ዘይት ገዝተው ቢለኩና ውጤቱ ቢለጠፍ፣ ለተማሪው የመመረቂያ ሥራ ይሆነዋል፣ ለሹፌሩ ደግሞ እስካሁን ማንም ያልሰጠው መረጃ። የከተሞቹ ንግድ መምሪያዎችም የሱቅ ቁጥጥር ሲወጡ የስኳርና የምግብ ዘይት ዋጋ ብቻ ሳይሆን የሞተር ዘይቱንም መደርደሪያ ቢያዩት ጥሩ ነው።

አንድ ነገር ሳልጠቅስ ባልፍ ለራሴ ሐሳብ አዳላሁ ይባላል። ኖርማል ዘይት ቶሎ ቶሎ ይቀየር ስል ብዙ የተቃጠለ ዘይት ይፈሳል ማለቴም ነው። ዛሬ ከየጋራዡ የሚወጣው ከፊሉ ምስጥ እንዳይበላው የአጥር እንጨት ይቀባበታል፤ ከፊሉ ሜዳ ላይ ይደፋል። ደሴ ላይ ቦይ ውስጥ የተደፋው የቦርከናን ወንዝ ይዞ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ቦርከና ላይ ከብት ይጠጣል፣ አትክልት ይለማል። ጋራዦች የተቃጠለውን በበርሜል አጠራቅመው የሚያስረክቡበት ቦታ ከተሞቹ ሊያዘጋጁላቸው ይገባል፤ ያለ እሱ የእኔ ቁጠባ የሌላው ሰው ወጪ ነው።

እስከዚያው ግን በእጃችን ያለውን እናድርግ። ዘይት ስትገዙ መጀመሪያ የመኪናችሁን መመሪያ ወይም የዘይት መሙያውን ቡሽ አንብቡ። የጀሪካኑን ፊት ሳይሆን ጀርባ እዩ፤ ቁጥሩና ባለ ሁለት ፊደሉ ከሌሉ አትግዙ። ማኅተሙ ዓይናችሁ እያየ ይከፈት። ደረሰኝ ተቀበሉ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ባዶውን ጀሪካን ከነክዳኑ ለቁራሌው አትስጡ። ስሙ የሚነበብ፣ ክዳኑ የሚገጥም ባዶ ጀሪካን ነገ ተሞልቶ ለሌላ ሹፌር ሊሸጥ ይችላል። መካኒኩን «ብሳው» በሉት፤ አንድ ምስማር ይበቃዋል።